ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ውቤ በሰው ድንኳን ያለቀሱት ለቅሶ

ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ውቤ ከአባታቸው ከአቶ ውቤ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነበወርቅ እንዳለ፣ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በመንዝና ግሼ አውራጃ፣ ወይን አምባ በምትባል መንደር መጋቢት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት አያታቸው ባረፉ በሳምንቱ፣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ነው። በኋላ ዘመናቸው ይህንን እያነሱ፣ እልል የሚልልኝ ጠፍቶ በዋይታ የተቀበሉኝ ልጅ ነኝ እያሉ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ይኖሩ ወደነበሩት አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አክስታቸው ሲደክሙባቸው ትምህርቱን አቋርጠው እህል በረንዳ ገቡና ጥራጥሬ መሸጥ ጀመሩ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ተቆጥቶ የመጣ ደንበኛ ስቆ ይሄድላቸዋል፤ የማይገዛውም ቆሞ ሲያወራ ይውላል። በ1964 ዓ.ም. ከአቶ ዱባለ ኃይሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው አቶ በሪሁንን እና ወ/ሮ ሩሀማን ወለዱ። አቶ ዱባለ በዚያው በረንዳ ጆንያ ተሸክመው ለሱቅ የበቁ፣ መጠጥ የማይቀምሱ፣ ከሥራ ወደ ቤት እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ይህ የተጻፈው እሳቸውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

እስከዚህ ያለው ለማንበብ ቀላል ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ መጀመሪያ ሲጽፈው «ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው» ብሎ አልፎት ነበር። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ግን በብዙ ሰው ቀብር ላይ ቆመው ይህንኑ ቃል ሲሰሙ ኖረዋል። በእሳቸው ቀብር እንዳይነበብ፣ ሕመማቸው በስሙ ተጠርቶ ያደረጉትም ሁሉ እንዲነገር፣ ልጃቸውን ወ/ሮ ሩሀማን ቃል አስገብተዋታል። ቤተሰቡ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ያፍራል። ቢሆንም የሟች አደራ ነውና ይነበባል።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነበር። የደርግ ዘመን ኬላና የእህል ኮታ ቀርቶ ንግዱ ተፈትቷል፤ የእህል በረንዳ ሰው ቀና ብሎ መሄድ ጀምሯል። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ግን በዚያው ዓመት ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ያ ሁሉ ጨዋታ ዝም አለ። እንባቸው ማንም ሳይነካቸው ይመጣል፤ ምስር እያበጠሩ፣ ሚዛን ይዘው፣ ደንበኛ ፊት ቆመው። ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። እሳቸው ያኔ ስሙን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ማፈርን ብቻ ነበር። በግራ በቀኛቸው ተቀምጠው የሚሸጡት እናቶች በጦርነቱ ልጆቻቸውን የገበሩ ናቸው። ባሌ ደህና፣ ልጆቼ ደህና፣ እኔ ማን ሞቶብኝ ነው የማለቅሰው እያሉ ራሳቸውን ይረግሙ ነበር። አቶ ዱባለ ምን ጎደለብሽ ብለው ሲጠይቋቸውም ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ ያዞሩ ነበር።

አንድ ቀን የእድራቸው አባል አርፎ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። በዚያም ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያለቅስን ሰው ምን ሆነህ ነው የሚለው እንደሌለ አስተዋሉ። እንዲያውም ቦታ ይለቀቅለታል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ በርታ ይባላል። ያን ቀን እስኪወጣላቸው አልቅሰው ቀለል ብሏቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እንባው ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሱቁን ለአቶ ዱባለ ትተው፣ ድንኳን ፍለጋ መውጣት ልማድ ሆነባቸው። ያዘቀዘቀች ሴት ወዴት ነሽ አትባልም፤ ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስም የሚደነቅ የለም። በአዲስ ከተማ ደግሞ ድንኳን አይጠፋም። ሟቹን ሳያውቁ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳይለዩ፣ ገብተው ከሴቶቹ መሃል ይቀመጡና የራሳቸውን ያለቅሳሉ።

ሰፈሩ በዚህ አመሰገናቸው። እንደ ሸዋርካብሽ ያለ ለቅሶ ደራሽ የት ይገኛል ተባለ። እድሩም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አቁሞ ጋቢ አለበሳቸው። እሳቸው የተጨበጨበላቸውን ቀን ሲያስታውሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር። ጋቢውን ሊመልሱ ቢሄዱ የእድሩ ዳኛ ቀለሙን ያልወደዱት መስሏቸው ሌላ እንምረጥልዎ አሉ። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ገባ፤ አንድም ቀን ሳይለበስ እዚያው አለ።

በ1991 ዓ.ም. ምን አለሽ ተራ አንድ ድንኳን አገኙ። የሞተው ቦጋለ የሚባል፣ ከቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራ ወጣት ነበር፤ መኪና ገጭቶት ነው ያረፈው። ይህን ሁሉ ያወቁት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ያዩት በእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሲያለቅሱ የቦጋለ እናት ከፍራሹ ተነስተው አጠገባቸው መጡ፤ ልጅ የሞተባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ ውሃ አቅርበው አጽናኗቸው። ቀጥለውም፣ «ልጄን ታውቂው ኖሯል? እስቲ ስለሱ ንገሪኝ» አሏቸው።

አላውቀውም ማለት ይችሉ ነበር። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ግን ሰው ሁሉ እያያቸው ነውና አፋቸው የሚሸጡትን ያዘ። ከእኔ ሽምብራ ይገዛ ነበር፤ ለእናቴ ቆሎ ነው ይለኝ ነበር አሉ። የቦጋለ እናት እንባቸው ቆመ። ልጃቸው ቤት ለይቶ በመውጣቱ ተኳርፈው፣ ሳይነጋገሩ ከርመው፣ እንደተኳረፉ ነበር ሞት የቀደማቸው። ሽምብራ ከእጁ ተቀብለው አያውቁም። «ሊታረቀኝ ነበር» አሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ደጋግመው፣ «ሰማችሁ? ልጄ ሊታረቀኝ ነበር» አሉ።

በአርባው ወ/ሮ ሸዋርካብሽ በክብር ተጠርተው ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀመጡ። በቦጋለ የሕይወት ታሪክ ላይ፣ እናቱን ለማስደሰት ሽምብራ ይገዛ እንደነበረ ተጽፎ ተነበበ። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ሲነበብ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። ቃሉን መልሰው እንዳይወስዱት ለአንዲት እናት የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ እንዳይተዉትም ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ከአቶ ዱባለ ጋር ንግግራቸው ስለ እህል ዋጋ ብቻ ሆነ። ወ/ሮ ሩሀማ ልጅ ወልዳ ሳለ፣ እኔ የገባሁበት ቤት አይቀናውም ብለው አራስ ሳይጠይቋት ቀሩ። ልጃቸውም ለረጅም ጊዜ ተቀየመች፤ እናቷ መታመማቸውን አላወቀችም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አዘቅዝቀው ሲወጡ፣ ጎናቸው ባለው ሱቅ የሚነግዱት ወ/ሮ ሰዓደት ጀማለዲን አዩአቸው። ሐዘን የደረሰባት ጎረቤት ብቻዋን አትሄድም ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሏቸው። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ እንዳይመልሷቸው ጨነቃቸው። ድንኳን አይጠፋም ብለው ተያይዘው በምን አለሽ ተራ ዞሩ፣ በአንዋር መስጊድ ጀርባ አለፉ፣ ተመልሰው በሌላ መንገድ ዞሩ። የዚያን ቀን ግን በሰፈሩ ሰው አልሞተም። ወ/ሮ ሰዓደት እግራቸው ሲዝል ቆም ብለው፣ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ለቅሶው የት ነው?» አሉ።

ወ/ሮ ሸዋርካብሽ መንገድ ዳር ካለ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ጋ ነው» አሉ።

ወ/ሮ ሰዓደት ጥያቄ አልጨመሩም። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ ተሸካሚው መንገድ ልቀቁ እያለ በላያቸው ሲያልፍም ከአጠገባቸው አልተነሱም። ቆይተው አላህ ያጽናሽ አሏቸው። ከዚያም እስከ ማታ ድረስ ሁሉንም ሰሙ። በሳምንቱ እጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ የወሰዷቸው ወ/ሮ ሰዓደት ናቸው። ቤተሰቡ በወቅቱ ለጎረቤት ስኳር ነው ብሎ አወራ፤ የአእምሮ ሐኪም ከማለት ስኳር ማለት ቀሎት ነበር። ለዚህች ውሸት ሲባል ወ/ሮ ሸዋርካብሽ በየሄዱበት ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡ ኖሩ። መድኃኒቱ ግን ሠራላቸው። አቶ ዱባለም እያፈሩም ቢሆን ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሱቁን ዘግተው አብረው መሄድ ጀመሩ፤ በመንገድም ከእህል ዋጋ ሌላ ነገር ማውራትን እንደገና ለመዱ። ወ/ሮ ሩሀማም ነገሩን ስትሰማ ቂሟ ወደ ጸጸት ተለወጠ።

አእምሯቸው ሲረጋ የቦጋለ ነገር ፊት ለፊት ቆመባቸው። በ1995 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰዓደት ጋር ምን አለሽ ተራ ወደ ቦጋለ እናት ቤት ሄደው፣ ልጅዎን አላውቀውም ነበር፣ ሽምብራም ከእኔ ገዝቶ አያውቅም አሏቸው። የቦጋለ እናት ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ከዚያ ቤት የወጡበትን ሁኔታ በሕይወታቸው ሙሉ አልረሱትም። እናቲቱን ሁለተኛ ጊዜ ልጇን ገደልኩባት ይሉ ነበር። ሐኪሙም ወ/ሮ ሰዓደትም ይህን ሐሳብ ከእሳቸው ለማውጣት ብዙ ደከሙ።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ የቦጋለ እናት እህል በረንዳ መጡ። በረድፉ ሁሉ እየጠየቁ ሱቁን አገኙና ከጆንያው ፊት ቆሙ። ፊታቸው አልተፈታም ነበር። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ብድግ አሉ።

«ከልጄ ጋር ተኳርፌ ቀረሁ» አሉ የቦጋለ እናት። «ካንቺ ጋር ተኳርፌ አልቀርም። በይ ሽምብራ ስፈሪልኝ።»

ሰፈሩላቸው። ዋጋ አልቀበልም ቢሉ የቦጋለ እናት ተቆጥተው አስቀበሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሆኑ፤ ቀስ በቀስም ቤተሰብ። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ስለ ቦጋለ እውነተኛውን ነገር ሁሉ ከእናቱ አፍ ሰምተው፣ ያላወቁትን ልጅ በየዓመቱ በስሙ እየጠሩ አስበውታል። ሕመሙ በየጊዜው ተመልሶ መጥቷል፤ ሲመጣ ግን አልደበቁትም፤ ለባላቸውና ለልጆቻቸው ዛሬ ለቅሶ አለ ይሏቸዋል፤ ቤቱም የሚያደርገውን ያውቃል። እሳቸውም ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከሁሉ ወደ ኋላ ተቀምጣ፣ ከባለ ለቅሶው በላይ የምታለቅስ ሴት ካዩ ሄደው አጠገቧ መቀመጥን አላቆሙም።

ወ/ሮ ሸዋርካብሽ በልብ ድካም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል። ልባቸው ከመድከሙ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ የታገላቸው ድባቴ ነው፤ ስሙ ይኸው በአደራቸው መሠረት በሕዝብ ፊት ተጠርቷል። ሳያውቋቸው ላለቀሱላቸው ሙታን ቤተሰቦች ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ ብለዋል። ስለ ቦጋለ የተነገረው የተነበበው በእናቱ ፈቃድ ነው። ባለቤታቸው አቶ ዱባለ፣ ልጆቻቸው አቶ በሪሁንና ወ/ሮ ሩሀማ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም እህት የሆኗቸው ወ/ሮ ሰዓደትና የቦጋለ እናት በሐዘን ላይ ናቸው።

ከቀብር መልስ በድንኳኑ የሚታደለውን የሽምብራ ንፍሮ ትናንት የዘፈዘፉት የቦጋለ እናት ናቸው። ከመካከላችሁ ወ/ሮ ሸዋርካብሽን ሳያውቅ፣ የራሱን ለቅሶ ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር፣ ከየት ነው የምታውቃቸው የሚለው የለም። ገብቶ ይቀመጥ፣ ንፍሮውንም ይውሰድ። ወ/ሮ ሰዓደት በሩ አጠገብ ናቸው፤ ለቅሶው የት ነው ካሉት፣ እኔ ጋ ነው ለማለት አይፈር።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ እንባ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እኛንም እዚያ እስክንደርስ በእንባችን ከማፈር ይጠብቀን።