ከእሷ ጎን ለምን እንዳሳረፍኩት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ መድኃኒቱ ሠራልሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ጥርስ ያበቀለችው የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በአካል ደኅና ነኝ። እህል እቀምሳለሁ፣ እንቅልፍም በመጠኑ ይወስደኛል። ከሐዘን በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አይሆንልኝም። ሌላም በሽታ አለብኝ። ቅናት ነው።

በስልክ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ባልሽን በገዛ እጅሽ ወስደሽ ለጣውንትሽ አስረከብሽው?» ስትይኝ «ኋላ እጽፍልሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት ወድጄ አይደለም። ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ነበር፤ የባሌ እህት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የእሷን ጆሮ ታውቂዋለሽ፣ ግድግዳ አያግደውም። አሁን ሁሉም ወደየቤቱ ስለሄደ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

ጋሽ ቡሩሽን ሳገባው ሚስት የሞተችበት መሆኑን አውቄ ነው። ስሙን ያወጡለት የሠፈር ሰዎች ናቸው፣ በቀለም ቀቢነቱ። ፀጉሩ ላይ የነጭ ቀለም ጠብታ የማይጠፋ ሰው ስለነበር ሽበት ሲመጣበት እንኳ ልብ ያለ የለም። የመጀመሪያ ሚስቱ፣ የልጅቱ እናት፣ ያረፈችው ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል ነው፤ እኔ ስመጣ ልጅቱ አድጋ ሥራ ይዛ ነበር። ባልነቱን አላማውም። ከምሠራበት ላውንደሪ እጄ በካውያ ተቃጥሎ ስመጣ እፍ እያለ ቅባት ይቀባኝ ነበር። አንድ ዐመል ብቻ ነበረው። የሟች ሚስቱን ነገር ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔን ሲጠራኝ ግን ጎረቤት ሁሉ «አቤት» ይላል።

በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን እችላት ነበር። ትወፍራለች፣ ታንኮራፋለች፣ ድስት ታሳርራለች፤ አንድ ቀን እሱም ይታዘባታል። የሞተች ሴት ግን አታረጅም። እኔ ጥርሴን እየተነቀልኩ እሷ እንዳማረባት ትኖራለች። በምን ጥፍር ልቧጭራት?

ዘንድሮ ሳንባው ታመመ። ሐኪሙ የነገረው ለልጅቱ ብቻ ነው፤ እኛ ከፊቷ አነበብነው። እየጠናበት ሲሄድ ቄሱ መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ትንሣኤ አጫወቱት። ሞት እንቅልፍ መሆኑን፣ መቃብር ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አለመሆኑን፣ ጌታ ቀድሞ እንደተነሣ እኛም እንደምንነሣ፣ ያን ጊዜ ሕመምም ልቅሶም እንደማይኖር በቀስታ ነገሩት። የባሌ ፊት መብራት እንደመጣለት ቤት ቦግ አለ። «እንግዲያው የልጅቱን እናት አገኛታለሁ። ያ ሕመሟም ለቋት!» አለ። እኔ የሾርባውን ማንኪያ ወደ አፉ እያስጠጋሁ ነበር። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለስኩት። ስንት ቀን ሙሉ ስለምነው ፈገግ ያላለ ሰው ለሌላ ሴት ፈገግ ሲል ማየት ምን እንደሚመስል ላስረዳሽ? የጋለ ካውያ በባዶ እጅ መጨበጥ ነው።

ቄሱን እስከ በር ስሸኛቸው፣ «አባ፣ የዚያን ቀን ወደየትኛችን ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በጢማቸው ውስጥ ሳቅ ያሉ መሰለኝ። «ልጄ፣ በትንሣኤ ማግባትና መጋባት የለም። እንደ መላእክት ነው የምንሆነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ እኔ ግን ባሰብኝ። «እንግዲያው ለእኔ የተሰጠኝ እዚህ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው ከእጄ እያመለጠ ነው» አልኳቸው። «ፍቅር ያልቃል አልኩሽ እንዴ?» ብለው ባርከውኝ ሄዱ። ቡራኬውን ተቀበልኩ፣ መልሱን ግን ለማኝ እንደናቀው ሳንቲም ትቼው ገባሁ።

በማግሥቱ ዝናብ ጥሎ አባራ። ባሌ፣ «የልጅቱ እናት መቃብር ሰምጦ እንዳይሆን፣ እስቲ ሄደሽ እይልኝ» አለኝ። እኔን! ልጅቱ ሥራ ላይ ነበረች፣ እሱ ከአልጋ አይወርድም፣ ሌላ ማን አለ? ጃንጥላዬን አንሥቼ እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። ከተጋባን ጀምሮ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ድንጋዩ ከግንቡ ሥር ነው፤ ለሁለት ሰው እንዲበቃ ተደርጎ የተጠረበ ሰፊ ድንጋይ። በአንድ በኩል የእሷ ስም አለ። በሌላው በኩል የእሱ! የተወለደበት ዓመት ተቀርጿል፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ወዲያ ባዶ። እኔ ሸሚዙን ስተኩስ፣ ጀርባውን ሳሽ፣ ስቆጣው፣ ስታረቀው፣ ሰውየው ለካ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። ለእኔ ጣት የምታህል ቦታ የለችም።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው የለም። «አንቺ!» አልኳት። «ሲስል አብሮት የሚያድረው ማን ነው? ቀለም የጠጣ ሱሪውን የሚፈትገው ማን ነው? አንቺ ተኝተሽ እኔ ነኝ ያረጀሁት! ቆይ ብቻ፤ ትነሺ የለም? ትነሺና እንተያያለን!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። ትነሺና እንተያያለን። እታለም፣ አንቺ ታውቂኛለሽ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እናታችን ስላስለመደችን ነው። ስለ ትንሣኤ ሲሰበክ እኔ የማስበው ላውንደሪ ስለተከመረው ልብስ ነበር። አምናለሁ ወይስ አላምንም ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ገባኝ። ሰው በአፈር አይቀናም። የምቀናው ቆማ፣ ሕመሟ ለቋት፣ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጠራው ስለሚታየኝ ነው። ሌላው ሰው እምነቱን በጾም በጸሎት ያገኛል፤ እኔ በቅናት አገኘሁት። አትሳቂብኝ።

ቤት ስገባ፣ «ድንጋዩ አልሰመጠም። ያንተም ስም ደኅና ነው» አልኩት። ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ እየሳበ፣ «እሷ የሞተች ሰሞን ነው ያስቀረጽኩት። ዕድሜዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንቺ እንደምትመጪ ማን ነገረኝ?» አለኝ። «እሺ፣ የዚያን ቀን እኔን የት ልትፈልገኝ ነው? ገበያ መሀል እናቷ እንደጠፋችባት ልጅ ስንከራተት?» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ደግፌ አስቀመጥኩት። ትንፋሹ ሲመለስ ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «ድሮ ሞትን አልፈራም ነበር። ትንሣኤን ልጅ አዲስ ልብስ እንደሚጠብቅ ነበር የምጠብቀው። ካንቺ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ይምጣ፤ ግን ትንሽ ይቆይልኝ› እያልኩ ነው የምጸልየው። ለቄሱ እንኳ መናገር አሳፍሮኛል።»

እስቲ ፍረጂ፤ ለአንዲት ሚስት ይህ አይበቃም? ለጊዜው በቅቶኝ ነበር። እሱ ግን አልቆየልኝም። ልጅቱና እኔ አንድ አንድ እጁን እንደያዝን፣ አንድ ማለዳ እስትንፋሱ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ አለ።

ቀድሜ ለልጅቱ፣ «አዲስ ቦታ እንይዛለን፣ እሱና እኔ የምንተኛበት» ብያት ነበር። አንገቷን ደፍታ «እንዳልሽ» አለችኝ። ቀብሩ ሊደርስ ሲል ነጩን ሸሚዙን ራሴ ልተኩስ ተነሣሁ። አንገትጌውን ሳቃና ለሌላ ሴት የምድረው መስሎ ታየኝ፤ እንባዬ ካውያው ላይ ሲወድቅ ቸስ ይላል። ሐሳቤን የለወጥኩት ያኔ ነው። ነጥዬ ብቀብረው ምን አተርፋለሁ? መለከቱ ሲነፋ ከአጠገቤ ይነሣና እሷን ፍለጋ በመቃብሩ መሀል ይሮጣል፤ እኔም ከኋላ ከኋላው፣ «ቆይ እንጂ፣ ትወድቃለህ!» እያልኩ። ያን ከማይ እዚያው ጎን ለጎን ቢነቁ ይሻለኛል። ደግሞም የልጅቱን የተደፋ አንገት አየሁት። እናቷን አንድ ጥግ፣ አባቷን ሌላ ጥግ እየዞረች ታልቅስ? «ከእናትሽ ጎን ይሁን» አልኳት። ካውያውን ከእጄ ተቀበለችኝና እጅጌውን እሷ ጨረሰችው።

ደግ ሆነች ብለሽ እንዳታወሪልኝ። ሣጥኑ ወርዶ በጣውንቴ ወገን ያለውን አፈር ታከክ ሲያደርገው ጮኬ አለቀስኩ። ሰው የሐዘን ብቻ መስሎት ደገፈኝ፤ ግማሹ የቅናት እንባ ነበር። ቄሱ «ተኝቷል እንጂ አልጠፋም» ሲሉ ግን ከሁሉ አስበልጬ «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰው ሲበተን የመቃብር ጠባቂውን ጠርቼ በሌላኛው ጎኑ ቦታ እንዳለ ጠየቅኩት። «እዚያ አንድ ጡረተኛ መምህር ተኝተዋል፤ ፈቀቅ አይሉም» አለኝ። ያለው ክፍት ቦታ ከእሱና ከእሷ እግር ሥር ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። ኋላ ግን፣ «ሁሉም ፊታቸው ወዴት ነው?» አልኩት። «ወደ ምሥራቅ ነዋ፤ ሲነሡ ወደዚያ እያዩ እንዲነሡ» አለ። ከእግራቸው ሥር ማለት እንግዲህ ከፊታቸው ማለት ነው። «የእኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ» ብዬ ቦታውን ያዝኩት። የዚያን ቀን ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው። ጀርባዬን ነው እንዳትዪኝ፤ እዞራለሁ። ከእሱም አስቀድሜ እሷን ሰላም እላታለሁ፤ ያውም መጀመሪያ እንዴት እንዳማረባት አይቼ።

ለባለቤትሽ፣ «የጋሽ ቡሩሽን ነገር አደራ፣ በጸሎትህ አስበው» በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ ጥርሳሟን ደግሞ እግሯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን ስለ ማጽናኛ ቃሏ አመስግኝልኝ። ልጅቱ ከእኔ ጋር ልትኖር ዕቃዋን አምጥታለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ለእትዬ ሰላም በይልኝ» ትላለች። አንቺም ራስሽን ጠብቂ፤ የተረፍሽኝ አንቺ ነሽ።

ታናሽ እህትሽ

ከላውንደሪው በላይ ካለው ቤታችን
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን