ወንዙን የረሳ ውሳኔ

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ የወረዳው ምክር ቤት መንደራችንን ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ቀላቀለው። ጤና ኬላችን ሊዘጋ ነው፤ ከእንግዲህ የታመመ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ይታከም ተባለ። ተቃውሜ እጄን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰብሳቢው «ካርታው ላይ እኮ ቅርብ ነው፣ ወይዘሮ የሺ» አሉኝ።

«ካርታው ላይ ክረምት የለም። አምና ወንድሜን የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው» አልኳቸው።

«በሙሉ ድምፅ አለፈ እንድንል እጅዎን ያውርዱ።»

«አላወርድም። አንድ ተቃውሞ ብላችሁ ጻፉ።»

እያጉረመረሙ ጻፉት።

ስንወጣ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ፣ ሽማግሌው አቶ ደሴ፣ ጠጋ ብለው «ልቤስ ካንቺ ጋር ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

«ልብ አይቆጠርም፣ አባቴ። የሚቆጠረው እጅ ነው» ብያቸው መንገዴን ቀጠልኩ።

ነገ ደብረ ታቦር ወርጄ ለዞኑ አቤት እላለሁ። የሚከተለኝ ቢጠፋም ብቻዬን።