የአልቶ ክንፍ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የዓሦቹን ውሃ እየቀየርኩ ነው። የቱቦው አንዱ ጫፍ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላው ባልዲው ውስጥ። ባልዲው ግማሽ ሲደርስ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ተሾመ ናቸው፣ የቤ/ክ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ አነሣሁት። ድምፃቸው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። ሽማግሌዎች ተወያይተዋል። ከመዘምራን ታግጃለሁ። በጉባኤ ፊት ቆሜ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ። ልምምድ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው የሚነግሩኝ።

ቱቦውን ረሳሁት። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ምንጣፉ ራሰ። እኔ ቆሜ ገንዳውን አያለሁ። የማየው አልቶን ነው፤ በመዘምራን በምዘምረው ዝቅተኛ የሴቶች ድምፅ የሰየምኳትን፣ ነጯን፣ ባለ ረጅም ክንፏን። ጅራቷ ተበልቷል። ጠርዙ የተተለተለ ነጠላ መስሏል። ትናንት ደህና ነበረች።

ጋሽ ተሾመ መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፦ «ልብሽ ታሟል፣ ልጄ። እስክትድኚ እንጸልይልሻለን።»

እኔ ምን አልኩ? አመሰገንኳቸው። አዎ፣ ደብተር፣ አመሰገንኳቸው።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ንዴቴ ትንሽ በረድ ሲል በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ናታን የመዘምራን መሪ ነው። እጮኛዬ ነበር። ከዚህ በኋላ ስሙን ሙሉውን አልጽፍም፤ ና. ይበቃዋል። በመስከረም፣ ከልምምድ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ በጥፊ መታኝ። በሰው ፊት «መዝሙሩ ከፍ ብሎብናል፣ ዝቅ እናድርገው» ስላልኩት። ለሽማግሌዎች ነገርኩ። ተጠራ፣ አለቀሰ። እነሱም አብረውት አለቀሱ። ጸለዩ፣ ጉዳዩ ተዘጋ አሉ። እኔ አላለቀስኩም። ዓይናቸው እኔ ላይ የቆየው ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀለበቱን በልምምድ መሀል አውልቄ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉም አየ። ና. አንድ ቅዳሜ እንኳ ከአገልግሎት አልቀረም። የኅብረቱን ሰላም ያወክሁት እኔ ሆንኩ።

በቃ። አሁን የአልቶ ጅራት ነው የሚያሳስበኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ በምሠራበት ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ማንም ሳይኖር። ጠዋት ከአልቶ ጅራት በጥጥ ጫፍ ጠርጌ ስላይድ ላይ ቀብቼ ይዤው መጥቼ ነበር። ማይክሮስኮፕ ስር አደረግሁት። አሉ። ክንፍ የሚበሉት ባክቴሪያዎች፤ ቀጫጭን ዘንጎች፣ የሚንሸራተቱ፣ ብዙ። ደስ አለኝ። የሰው ደምና ሽንት ስመረምር የምውል ሰው፣ የዓሣዬን በሽታ በዓይኔ አየሁ።

ሕክምና፦ አልቶ ለብቻዋ በባልዲ። አዮዲን የሌለው ጨው። የውሃ ማሞቂያው ሂተርም ለእሷ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን በጀሪካን ማደር አለበት። ውሃ የሚመጣው ደግሞ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ክፍሌ በሙሉ ጀሪካን ሆኗል፤ ወደ አልጋዬ የምሄደው በጎን ነው።

አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ጠላ ልትጠምቂ ነው እንዴ አሉኝ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ቤ/ክ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ተግሣጽ ላይ ያለ ሰው እዚያ ነው የሚቀመጠው። ከፊቴ የመዘምራኑ ካባ፣ በአልቶዎቹ መስመር ላይ አንድ ክፍት ቦታ። አልሞሉትም። ባይሞሉት ይሻላል ወይስ ቢሞሉት? አላውቅም።

የጌታ እራት ነበር። የኅብስቱ ሳህን እኔ ጋ ሲደርስ የያዘው ልጅ ጎረቤቴን ብቻ አይቶ አለፈኝ። ሲያልፈኝ አንገቱን ደፋ። ክፉ አይደለም። ታዟል።

ሲወጡ ድሮ ጉንጭ ለጉንጭ የምንሳሳም ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ። ሜሮንም። ሜሮን፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በየእሑዱ በያይነቱ አንድ ትሪ ላይ አብራኝ የበላች ጓደኛዬ። እደውልልሻለሁ አለች። ብቻዬን ታክሲ ተራው አጠገብ ወደምንበላበት ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ለሁለት ይሁን አለችኝ። ለአንድ አልኳት። ግማሹን ተውኩት።

ስልክ አልተደወለም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ድናለች! የተበላው ጠርዝ ላይ አዲስ፣ እንደ መስታወት የጠራ ክንፍ እየበቀለ ነው። ቀስ ብዬ ወደ ገንዳው መለስኳት። ሌሎቹ መጡ፤ ሁለቱ ብርቱካናማዎች፣ ከዚያም ነብሮ፣ ባለ ጥቁር መስመሩ ቢጫ። ነብሮ ከሁሉም ያንሳል። ሰው ሲመጣ ግን ወደ መስታወቱ የሚቀድመው እሱ ነው፤ አፉን እየከፈተ ምግብ ይለምናል። ሱቅ ውስጥ ድፍረቱን ወድጄ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እማዬ ከነቀምት ደወለች። ለሰላም ስትዪ ይቅርታ ብትጠይቂ ምን ይቀንስብሻል አለች። ስለ ዓሦቹ ነገርኳት። ለመሆኑ ምሳ በልተሻል አለችኝ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

እንደገና። ጅራቷ ተበልቷል፤ አሁን የጀርባ ክንፏም ጭምር። ገንዳው ጥግ ላይ፣ የውሃ ማጣሪያው ፊልተር ሥር ተወሽቃለች።

ውሃው ነው አልኩ። ገንዳውን አፈራርሼ ጠጠሩን ቀቀልኩ፣ ፊልተሩን አጠብኩ፣ መስታወቱን ፈገፈግኩ። እጄ በጨው ተላጠ። አልቶ ወደ ባልዲ። ባልዲ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ትበላለች፣ ትዋኛለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ብርዱም አለ። በዚህ ወር ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በበሩ ሥር ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሂተሩም ይጠፋል። ጋቢዬን ለገንዳው አለበስኩት። እኔ ጃኬት ለብሼ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ዛሬ ቤ/ክ አልሄድኩም። አልቶን ዳግመኛ ደህና ናት ብዬ ትናንት ገንዳ ውስጥ መልሻት ነበር። ወደ እንጦጦ በእግሬ ወጣሁ። ቁልቁል የሚሮጡ ስፖርተኞች፣ ቁልቁል የሚወርዱ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች፣ ሽቅብ የምወጣ እኔ። የሚያናግረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቀላልም ከባድም ነበር።

ስመለስ በሬ ክፍት ነው። እትዬ አስካለ ገንዳው አጠገብ ቆመዋል፣ በእጃቸው ቢጫ ጀሪካን። ዛሬ ወር በገባ ስድስት ነው፤ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ጠበል ቀድተው መጥተዋል። ገልብጠውታል። በገንዳው ውስጥ። እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን የምንጭ ውሃ።

ጮህኩ። ውሃው ሙቀቱ ሲወርድ ዓሣ ይደነግጣል፣ ይሞታል አልኩ፤ ማን ፈቀደልዎ አልኩ። «እርስዎ» እያሉ መጮህ እንዴት አስቸጋሪ ነው። እሳቸው አልጮሁም።

«ለአንቺ ብሰጥሽ፣ ጴንጤዋ፣ አትጠጪልኝም። ለእሷ ሰጠኋት። እሷ ሃይማኖት አልለወጠችም» አሉ።

ሳቅኩ፣ ደብተር። ከስንት ጊዜ በኋላ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተለወጠብኝ፣ እሳቸውም ጀሪካኑን አስቀምጠው አቀፉኝ። ነጠላቸው የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥፊውን፣ ቀለበቱን፣ የኋላ ወንበሩን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ እሱስ አሁን የት ነው? ይዘምራል አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና የራሰውን ወለል መጥረግ ጀመሩ።

አልቶ አልሞተችም። ክንፏን ሰብስባ ታች ተኝታ ነበር፤ ሂተሩ ሲያሞቀው ተነሣች። ጠበሉ አላዳናትም፣ አልገደላትምም። ጅራቷ ግን እንደገና ያጠረ መሰለኝ። እንደገና ወደ ባልዲ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ሜሮን መጣች! ሙዝ ይዛ። ጀሪካኖቹን እየዘለለች አልጋው ላይ ተቀመጠች። አልቶን አይታ አዘነች፤ አዘነችላት። ስለ እኔ ለማዘን ትንሽ ጊዜ ፈጀባት።

የመጣችው ተልካ ነው። ለገና ያዘጋጁት መዝሙር የአልቶ ድምፅ ብቻውን የሚዘመርበት ቦታ አለው፤ ከእኔ በቀር የሚደርስበት የለም። በመጪው እሑድ ጉባኤው ፊት ብቆም በዚያው ሳምንት ካባዬን ይመልሱልኛል። ረጅም ነገር አይጠበቅብኝም።

«ተሳስቻለሁ በይ፣ በቃ። ለምን እንደሆነ እንኳ ማንም አይጠይቅሽም።»

እሱም ይቆማል ወይ አልኳት። ጣቷን አየች። እሱ እኮ ጨርሷል አለች፤ በጓዳ ተናዟል።

እጄን ያዘች። ናፍቀሽኛል አለች። ናፍቃኝ ነበር። እሑድ ከእሷ ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት፣ በመዝሙር መሀል ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካኝ፣ በስሜ መጠራት። እሺ አልኳት። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

እሺ ብያለሁ። ጻፈው። እሑድ እቆማለሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

አሁን የሆነውን ሳይጠፋብኝ።

አልቶን ጠዋት ወደ ገንዳው መልሻታለሁ፤ ድና ነበር። ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ለነገ የምለውን አንዲት ቃል እለማመዳለሁ። ተሳስቻለሁ። ተሳስቻለሁ። ከታች ከቤ/ክ የልምምድ ድምፅ መጣ፤ ነፋሱ ወደዚህ ሲነፍስ ይሰማል። የገናው መዝሙር ነው። የአልቶው ቦታ ሲደርስ ማንም አልገባም። ኪቦርዱ ብቻውን ሞላው። እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ድንጋይ ሆንኩ።

በመጋረጃው ክፍተት ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር።

ነብሮ ከድንጋዩ ኋላ ወጣ። ቀስ ብሎ። አልቶ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ቀረበ፣ የጅራቷን ጫፍ ነከሰ፣ ቦጨቀ፣ ተመለሰ። እሷ ሸሸች። ተከተላት። እንደገና። እንደገና። ብርቱካናማዎቹ በአጠገባቸው ጠጠር ይለቅማሉ። ወደ ጥግ አስገብቶ ሲጨርስ ተመልሶ መሀል ላይ ተንሳፈፈ፣ ምንም እንዳልሠራ።

ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ወዲያው ወደ መስታወቱ እየሮጠ መጣ፤ አፉን እየከፈተ፣ ለማኙ፣ ትሑቱ።

ባክቴሪያው እውነት ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሚገባው ግን በተነከሰው በኩል ነው። እኔ ደግሞ በደረሰባት ቁጥር የማወጣው እሷን ነበር። እሷን በባልዲ፣ እሷን በጨው። ሲሻላት ደግሞ እሱ ወዳለበት መመለስ። ጠጠር ቀቀልኩ። የበላውን አልጠየቅሁም።

ባልዲውን ላጥብ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ነብሮ ባልዲው ውስጥ ነው። ውሃው ንጹሕ፣ ምግቡ ሙሉ። አልጠላውም። ከእሷ ጋር ግን አይኖርም። አልቶ ጅራቷ እንደተተለተለ ገንዳው መሀል ወጥታ ትዋኛለች። ቤቷ ነው፤ የትም አትወጣም።

እትዬ አስካለ በደጅ ሲያልፉ ባልዲውን አይተው ዛሬ ደግሞ ማን ታመመ አሉኝ። ማንም አልታመመም፣ የሚናከሰውን አወጣሁት አልኳቸው። እሰይ አሉ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለሜሮን ደወልኩላት። ተሳስቻለሁ አልልም አልኳት። እንግዲህ ብቻሽን ነሽ አለችኝ፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ማስጠንቀቂያ። አውቃለሁ አልኳት። አውቃለሁም። ዛሬ ማታ እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት አራት ዓሣና አንድ ሰው እንደሚሆኑ አውቃለሁ። እማዬ ትቆጣለች። የገናውን መዝሙር ምናልባት ዳግመኛ አልዘምረውም።

ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሻለሁ። እሄዳለሁ። ከኋላ አልቀመጥም። ስሜ ከተጠራ እነሣለሁ፤ የምናገረው የመስከረሙን ነው፣ መኪናው ውስጥ የሆነውን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ካልተጠራሁ በተቀመጥኩበት አልቶውን እዘምራለሁ። ከተሳሳትኩ ስህተቴን ከማንም በፊት እናገራለሁ፤ ያልሠራሁትን አልናዘዝም። ተነክሼ «ታማሚዋ አንቺ ነሽ» መባልን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።