የሦስተኛው ደወል መቆሚያ

ኔዘር ዊክ፣ ዶርሴት
ኖቬምበር 3 ቀን 2014

ለውዷ ልጄ ለሮዌና፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? ፍሎራስ? እናንተ አውስትራሊያ ሙቀቱ እየገባ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ዝናቡ ከገባ ሰንብቷል፤ የሚወጣበትን ቀን ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው አርጅቷል እንጂ ሌላው አካሌ ወሬውን ገና አልሰማም።

ደብዳቤው ረዘም ብሎ ስታዪው እንዳትደነግጪ። የመንደሩን ማኅበራት ወሬ ላወራሽ ነው። ወሬው ሲያልቅ ደግሞ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ። እሱ ጋ እስክደርስ እንደ ልማዴ ትንሽ ላላግጥ፣ ታገሺኝ።

ከአትክልት ማኅበሩ ልጀምር። ባለሱቋን ወይዘሮ ጎስሊንግን ታስታውሻታለሽ፤ ዛሬም የመንደሩን ወርኃዊ ጋዜጣ የምታዘጋጀው እሷ ናት። በኦገስቱ ትርዒት የእንጆሪ ማርማላታ ይዛ ቀረበች። በማርማላታ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። ዳኛዋ ከሩቅ የመጣች ኮስታራ ሴት ናት፤ በማንኪያ ቀመሰች፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳች፣ ከዚያ "ሁለተኛ" የሚል ካርድ አስቀምጣ ሄደች። ብቻን ሮጦ ሁለተኛ መውጣት! እኔ ታዲያ መች አስችሎኝ? ሰው በተሰበሰበበት ጠጋ አልኩና "እመቤቴ፣ አንደኛ የወጣው ማርማላታ የት ነው ያለው? ልቀምሰው ነበር" አልኳት።

"አቶ ሃስኬል፣" አለችኝ፣ "አንተ የሞትክ ቀን ምላስህን ለብቻው ነው የምንቀብረው። ከአንተ ጋር አንድ ጉድጓድ አይበቃውም።"

ሁለት ሳምንት ዘጋችኝ።

የሴቶች ማኅበር ስለ ንብ እርባታ የሚናገር ሰው ጋብዞ ነበር። ሰውዬው ጠዋት በገዛ ንቦቹ ተነድፎ ዓይኑ አብጦ ቀረ። በምትኩ የመጣው ጡረተኛ መሐንዲስ ስለ ድሮ የፍሳሽ ቦዮች ሰባ ፎቶ አሳያቸው። ሲወጡ ያገኘኋቸው ሴቶች ንቡ ይሻለን ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። የኳስ አንከባላዮች ማኅበር ሜዳ ላይ ደግሞ ፍልፈል ገብቷል። ከአባላቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ሳይቀር የሚገኘው እሱ ስለሆነ ሊቀ መንበር ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የደገፈኝ አልነበረም።

እንግዲህ ደወል ደዋዮቹ ጋ ደረስኩ። እስካሁን ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት ከዚህ ለመሸሽ እንደሆነ አውቀሽብኛል።

አንቺ የምታውቂውን ነው የምጽፈው፤ ግን ፍሎራም ካነበበችው እንዲገባት በደንብ ልጻፈው። የእኛ ደወል ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አይደለም። አፉን ወደ ሰማይ አዙሮ ይቆማል፤ ገመዱ ሲሳብ ሙሉ ዙር ይዞርና ተመልሶ አፉን ወደ ሰማይ ያደርጋል። ከዚያ አልፎ እንዳይገለበጥ የምትይዘው አናቱ ላይ የታሰረች አንዲት እንጨት ናት፤ መቆሚያ እንላታለን። ገመዱን አለቅጥ የሳበ ሰው መቆሚያዋን ይሰብራታል። በእኛ መንደር ደግሞ መቆሚያ የሰበረ ሰው ስሙ እንጨቷ ላይ ተጽፎ ማረሻ በሚባለው መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰባሪውም ለሁሉም አንድ አንድ ቢራ ይጋብዛል፤ ይሳቅበታል፤ በሳምንቱ ይረሳል።

የአንቺ ግን አልተረሳም። እንዳይረሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጁን 1986፣ የሐኪሙ ልጅ ሠርግ። አንቺ አሥራ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ሦስተኛውን ደወል ይዘሻል። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ገመዱ ከእጅሽ እንደ እባብ ተፈትልኮ ወደ ጣራው ተወረወረ። ለቀቅሽው፤ ደግ አደረግሽ፤ ባትለቂው ኖሮ ጣራው ጋ እናገኝሽ ነበር። ደወሉ ከላይ እየተገለባበጠ ያለ ሥርዓት ጮኸ። ሙሽራዋ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። አንቺ ፊትሽ ነጥቶ ቀጥታ እኔን አየሽኝ። አባትሽ ነኝ፤ የደዋዮቹ አለቃ ነኝ፤ የደወሎቹም ጠባቂ እኔው ነኝ። አንድ ነገር እንድልሽ ጠበቅሽ።

"ደውይ ብዬ ባመጣት ቤተ ክርስቲያኑን ልታፈርሰው ነው እንዴ!" አልኩ። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ስትገቢ "ሮዌና፣ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው" ይሉሻል። አውቶቡስ ስትሳፈሪ "እጀታውን አትያዢው፣ ሹፌሩ አደራ ብሏል" ይሉሻል። በደዋዮቹ ዓመታዊ እራት ላይ ደግሞ እኔ ተነስቼ ታሪኩን ከነገመዱ፣ ከነሙሽራዋ ጆሮ እያስመሰልኩ አወራለሁ። አንቺ ሳህንሽን ታያለሽ። አንድ ክረምት ታገሥሽ፤ ከዚያ ገመድ መንካት ተውሽ። በዓመቱ መንደሩን ለቀቅሽ፤ ቆይቶም አገሩን። ሰው "ልጅህ ለምን ይህን ያህል ራቀች?" ሲለኝ "እዚህ የምትሰብረው አልቆባት ነው" እል ነበር። ይሄን ያልኩት አንዴ አይምሰልሽ።

አሁን በሴፕቴምበር ማረሻ መጠጥ ቤት ቀለም ሊቀባ ሆነና ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አወረድን። ዴንዚል ሩጅ አናጢው፣ ሁለተኛውን ደወል የሚደውለው፣ ያንቺን እንጨት አንስቶ የተሰበረበትን ፊት መስኮት ጋ ወስዶ አየው። አገላብጦ አየው። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው።

"ጋሽ ኦስዋልድ፣" አለኝ፣ "ና እስቲ ይቺን እያት። ግማሹ ስብራት ቢጫ ነው። ግማሹ ግን እንደ ሻይ ጠቁሯል፤ ውስጡ ቅባት ገብቷል። ይቺ እንጨት እኮ ልጅቷ ሳትነካት ተሰንጥቃ ነበር። ቅባት የቀባው ሰው እንዴት ሳያየው ቀረ? ያኔ ጠባቂው ማን ነበር?"

ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔስ ምን አልኩ?

"ጳጳሱ ይመስለኛል" አልኩ።

ሳቁ። ዴንዚልም ሳቀ። ግን እንጨቷን ከሌሎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ አላስቀመጣትም፤ መጥቶ እጄ ላይ አኖራት።

ሮዌና፣ ስንጥቁን አይቼው ነበር። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ሰኞ ማታ ደወሎቹን ቅባት ልቀባ ስወጣ የሦስተኛው መቆሚያ ሥር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰንጣቃ አየሁ። ያረጀች መቆሚያ ካለች ልቀይር ብዬ መቀየሪያ እንጨት ከቤት ይዤ ወጥቼ ነበር፤ እጄ ላይ ነበር። ግን በዚያው ሰዓት የኳስ አንከባላዮቹ የዋንጫ ጨዋታ ይጀመራል፤ ጓደኞቼ ከታች ይጠሩኛል። ከቅዳሜ በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ ቀብቼው ወረድኩ። ዋንጫውንም ተሸነፍን።

ስለዚህ ያ ገመድ ወደ ጣራ ሲወረወር እኔ ምክንያቱን አንቺ ሳታዪኝ በፊት አውቄው ነበር። የሳቅኩት ለዚያ ነው። ቀድሞ የሳቀን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ለሳምንት ያህል "ነገ እነግራታለሁ" አልኩ። ከዚያ ቀልዱ አማረ፤ ሰው ወደደው፤ እኔም እያወራሁት እውነት መሰለኝ ልበልሽ? አልመሰለኝም። ባወራሁት ቁጥር ያቺን ሰንጣቃ አያታለሁ።

እናትሽ የምታውቀው ነገር ሳይኖር አልቀረም። በዚያ ሰሞን ማክሰኞ ዕለት "ይሄ እንጨት ለምን ተመልሶ መጣ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ጋዜጣው ላይ በየዓመቱ ጁን "ከዚህን ያህል ዓመት በፊት በዚህ ወር ልጄ ሮዌና…" እያልኩ የምጽፈውን ታውቂ ይሆን? እናትሽ በየወሩ ጋዜጣውን ለአንቺ በፖስታ ትልክ ነበር፤ ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። "ሮዌና ስታነበው ትስቃለች" ስላት "አዎ" ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ አይደል፣ ባለፈው ሳምንት ለኮቴ የሚሆን ቁልፍ ብፈልግ የልብስ ቁልፎቿን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከሥሩ በመቀስ የተቆረጡ ወረቀቶች አገኘሁ፤ ሃያ ምናምን ናቸው። ሁሉም የእኔ ጽሑፍ፣ ሁሉም የጁን። ቀዳዳ ያለው ጋዜጣ ሲደርስሽ የእንግሊዝ አይጥ በላው ብለሽ ይሆናል። እናትሽ ናት።

ይሄን ሁሉ ይዤ ዝም እል ነበር ይሆናል፤ ፈሪ ነኝ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዝም ለማለት የቀረኝ ጊዜ ብዙ አይደለም። ዝም ያላስባለችኝ ፍሎራ ናት። እንደጻፈችልኝ አታውቂም መሰለኝ፤ አትቆጫት። እንዲህ ይላል ደብዳቤዋ፦ "አያቴ፣ ከተማችን ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደወል መደወል ያስተምራል። ሄጄ አየሁት፤ በጣም ወደድኩት። እማማ ግን እምቢ አለች። ለምን ስላት 'ዕድሜሽን ሙሉ የሚስቅብሽ ነገር ለሰው አልሰጥም' አለችኝ። አንተ አለቃ ነህ አይደል? እባክህ ንገራት።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ያኔ በአንቺ ላይ የሳቅኩት ሳቅ ባሕር ተሻግሮ ልጅሽን በር ላይ አቆማት።

ሐሙስ ዕለት ለልምምድ ተሰበሰብን። አሁን አምስት ብቻ ነን፤ የሦስተኛው ገመድ ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ከመጀመራችን በፊት "አንድ የምናገረው ነገር አለኝ" አልኩና ነገርኳቸው። ስንጥቁን አየሁ፣ ሳልቀይረው ቀረሁ፣ በልጄ አሳበብኩ። ሁሉም ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ቀጥሎ የሚያስቀውን ነው የሚጠብቁት! አምስተኛውን ደወል የምትደውለው ወይዘሮ ጎስሊንግ እንዲያውም "እሺ፣ ከዚያስ?" አለችኝ።

"ከዚያማ ይሄው ነው" አልኩ።

"ኦስዋልድ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?"

እንደገና ነገርኳቸው። አንዱ ከጥግ ኪኪኪ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ዴንዚል ነው የተናገረው፦ "እውነቱን ነው። እንጨቷን አይቻታለሁ።" ያኔ ፈገግታቸው አንድ በአንድ ከፊታቸው ወረደ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ወይዘሮ ጎስሊንግ ኮቷን ለብሳ "ያቺ ልጅ እኔ ሱቅ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ፣" አለች፣ "እኔም በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው ብያታለሁ።" ብላ ወጣች። በዚያን ቀን አልደወልንም። የአለቅነቱንም የጠባቂነቱንም ቁልፍ ለዴንዚል አስረከብኩ።

በማግስቱ ለጋዜጣው ይሄን ጽፌ ወሰድኩላት፦

"ከደወል ደዋዮች። በጁን 1986 የሦስተኛውን ደወል መቆሚያ የሰበረችው ሮዌና ሃስኬል አይደለችም። እንጨቱ አስቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። የደወሎቹ ጠባቂ አባቷ ኦስዋልድ ሃስኬል ከአምስት ቀን በፊት አይቶት ሳይቀይረው ቀርቷል። ሃያ ስምንት ዓመትም ዝም ብሏል። ልምምድ እንደ ወትሮው ሐሙስ ምሽት በአንድ ሰዓት ተኩል ነው።"

ወይዘሮ ጎስሊንግ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። "ዝም ብሏል የሚለውን ላውጣልህ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"ተይው" አልኳት።

አልነካችውም። ከፍልፈሉ ወሬ በታች፣ ከአሮጌ ልብስ ሽያጩ በላይ ወጥቷል። ጋዜጣው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ሙሉ ነው፤ አልተቀደደም።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። ፍሎራን ፍቀጂላት። ካልሆነልሽም ግድ የለም፤ እምቢ ብትያት ምክንያቱ የማን እንደሆነ እኔው ራሴ ጽፌ አስረዳታለሁ፤ በአንቺ እንድታዝን አልፈልግም። ለደብዳቤዋ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። አንቺ እውነቱን ሳታውቂ ለልጅሽ ምን ብዬ እመልሳለሁ? እሺ ካልሻት ግን የመጀመሪያውን ቀን አብረሻት ግቢ። የሚያስተምራት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ እይው፤ ስትሳሳት ፊቱን እይ። የሚስቅ ከሆነ እጇን ይዘሽ ውጪ። ከመሳቁ በፊት ወደ ላይ ወጥቶ ደወሉን የሚያይ ከሆነ ግን ተያትና ትማር። አንቺ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመሽም።

በሩቅ ያላችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ቤትሽ ሰላም ይሁን፤ የልጅሽ እጅ የነካው ይባረክ፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። መጨረሻው ላይ የምታስቅ ነገር ልጽፍልሽ ብዕሬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። አልመጣልኝም።

አባትሽ
ኦስዋልድ