ስልሳ ሁለቱ ክሬዲቶች

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ አባቴ፤

ሰላምታዬ በጤና አግኝቶህ ከአጠገብህ ይቀመጥ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ለንግድ የምትመላለሰው ሃሊሞ ባለፈው ከጅቡቲ ስትመለስ፣ አንተ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ሦስቴ እንደምታርፍ ነግራኝ ሆዴ ባባ። የዚያ አገር ሙቀት ከድሬም ይብሳል ይላሉ፤ ቀትር ላይ አትውጣ፣ ውሃ ጠጣ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የእናቴን መቃብር ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሄጄ እሾሁን ነቅዬ፣ ድንጋዩን ኖራ ቀብቼዋለሁ። ጋሽ ወልደጻድቅና እትዬ ጥሩወርቅም ደህና ናቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ ከባቡሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ኒሟ ሥር ያንን አሮጌ ሬዲዮ ሲጠግኑ ይውላሉ። ሬዲዮው ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በአማርኛ ስለምጽፍልህ ቅር አይበልህ። የቤታችንን ቋንቋ መጻፍ ሳልማር ነው የተለያየነው። አንተም ብትሆን ፊደል የቆጠርከው ሱቅህ ውስጥ ከሳሙና ካርቶን ላይ ነውና ያንኑ አማርኛ አንብብልኝ።

አባቴ፣ ዛሬ የምጽፍልህ አንጀቴ ድረስ የዘለቀ ማቅለሽለሽ ስለያዘኝ ነው። በሽታ አይደለም፤ ምግብም አይደለም። ሰው ነው ያቅለሸለሸኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ ሦስተኛውን ስጀምር ዘመቻ እንደወጣን ታስታውሳለህ። ከዘመቻ ስመለስ ግማሹ ጓደኛዬ ታስሮ፣ ግማሹ የት እንደገባ ጠፍቶ አገኘሁት። አንተም ነይ አልከኝ፣ መጣሁ። አሁን ዋሂል ትምህርት ቤት ጊዜያዊ መምህር ነኝ። ጊዜያዊነቴ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዘንድሮ ግን ዲፕሎማ የሌለው መምህር ሁሉ በሰኔ ይሰናበታል የሚል ደብዳቤ መጣ። ለኔ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። በኔ ክፍል አሥራ አራት ሴቶች ልጆች አሉ። አባቶቻቸው የሚልኳቸው በቋንቋቸው የምታስረዳቸው ሴት አስተማሪ ስላለች ብቻ እንደሆነ ፊት ለፊት ነግረውኛል። እኔ በሰኔ ስወጣ እነሱም አብረውኝ ይወጣሉ።

እዚህ ከተማ አንድ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ከፍቷል። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ግን ከመጀመሪያው ዓመት አያስገባም፤ የሚቀበለው ሌላ ቦታ የተማረው ከተቆጠረለት ብቻ ነው። ይህን ቆጠራ ነው ክሬዲት ማዛወር የሚሉት። እኔ ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል። ስለዚህ የለፋሁባቸው ስልሳ ሁለት ክሬዲቶች ከተቆጠሩልኝ በዚሁ የትምህርት ዓመት ዲፕሎማዬን ይዤ ዋሂል እቀራለሁ፤ ካልተቆጠሩልኝ ያ የሁለት ዓመት ልፋት ባዶ ነው ማለት ነው።

የሬጅስትራሩ ሹም ሀብተ ማርያም ይባላል። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ጆሮውን ይጠርግባታል። አራት ወር የጠበቅኩትን፣ ከአዲስ አበባ ታሽጎ የመጣውን ፖስታ በዚያችው ጥፍር ቀደደው። ከዚያ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ይገልጥ ጀመር። የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበርና ምላሱ በጫት አረንጓዴ ሆኗል። ባዮሎጂ ላይ፣ ኬሚስትሪ ላይ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ኤ ባገኘሁበት የዕፅዋት ጥናት ላይ ሳይቀር የጣቱ አረንጓዴ አሻራ ቀረ። ወረቀቴን ነጥቄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ፈገግ አልኩለት። አዎ፣ ፈገግ አልኩለት።

ውጤቴ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎ የቀበሌ መታወቂያዬን ከትራንስክሪፕቱ ጎን አስቀመጠና ናፊሳ ወልደጻድቅ የምትባለው ማን ናት አለኝ። መታወቂያዬ ናፊሳ ኩልሚዬ ይላል እኮ!

ነገሩን ከኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ደህና የሚባለው ትምህርት ቤት የባቡር ሠራተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። አንተ ባለሱቅ፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ባቡር ሠራተኛ፤ አጥራችን አንድ፣ እሳቸው ልጅ የላቸው። እጄን ይዘው ሄደው ልጄ ናት ብለው አስመዘገቡኝ። አንተ ደግሞ ማታውኑ አንድ ሙክት ነድተህ በራቸው ላይ አሰርክ፣ እትዬ ጥሩወርቅም ማን ባርኮ ይረደው፣ እስላም ወይስ ክርስቲያን ብለው ሳቁ። በመጨረሻ ሙክቱ ሁለት ዓመት በጓሯችን እየዞረ ኖረ። ናፊሳ ወልደጻድቅ! አዲስ አበባ እያለሁ ስሜን ሲጠሩ ክፍሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ድሬ ግን ግር ያለው ሰው አልነበረም። እንዲህ የተመዘገብኩት እኔ ብቻ አይደለሁማ፤ የክፍል ጓደኛዬ በድሪያም በጎረቤታቸው በጣልያኑ መካኒክ ስም ነው የተማረችው።

መታወቂያው ደግሞ፣ ቀበሌ ሲቋቋም ቤት ለቤት የመጡት መዝጋቢዎች ሲጠይቁ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ ነህ የመለስከው። ልጄ ናት፣ ናፊሳ ኩልሚዬ ብላችሁ ጻፉ አልካቸው። ስሜ በወረቀት ላይ ከአንተ ጋር የተጻፈው ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ። መታወቂያው ሲመጣ ሱቅህ ውስጥ ለገባው ሁሉ ስታሳይ ዋልክ። በዓመቱ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ አንተም ያለ ሌላ ጥፋት በስምህና በቋንቋህ ተጠርጥረህ ወደ ጅቡቲ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ያ መታወቂያ በቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።

ሀብተ ማርያም ሁለት መንገድ አለሽ አለኝ። አንደኛው እውነቱን መናገር ነው፤ ያኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሐሰት ስም ተምሬያለሁና ክሬዲቱ ይሰረዛል፣ ጉዳዩም ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል። ሁለተኛው የወልደጻድቅ ልጅ እንደሆንኩ ቀበሌው እንዲያረጋግጥልኝና መታወቂያዬ እንዲስተካከል ነው። ይህን ሲል ጆሮውን ይጠርግ ነበር።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ማዘንጊያ ነው፤ በፊት ከሱቅህ በር ላይ ተቀምጦ በነፃ ሻይ የሚጠጣው ማዘንጊያ። አሁን ግድግዳው ላይ የአሥረኛው የአብዮት በዓል ጨርቅ ሰቅሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘይቱ የሚንጠባጠብ ሳምቡሳ ዘርግቶ ይበላል። ኩልሚዬ የሚባል ሰው አላስታውስም አለኝ። አይኑን እያየሁት! የወልደጻድቅ ልጅ መሆኔን ለመመስከር ዝግጁ ነው፤ ግን በእጄ ጽሑፍ አቤቱታ ላቅርብ፣ ወልደጻድቅም መጥተው ይፈርሙ። ከጠላት ጋር የሸሸ ሰው ስም በመታወቂያዬ ላይ በስህተት የገባ ነው እያለ ቃል በቃል አስጻፈኝ። የመጨረሻዋን መስመር እዚህ አልገለብጣትም። እጄ አንዴ ጽፏታል፣ ይበቃዋል።

ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። የሬዲዮውን ሽቦ ትተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ ወረቀቱን በአፍጢሙ ጭናቸው ላይ ደፉትና እምቢ አሉኝ። እኔ ያዋስኩት ስም ነው፤ ለትምህርት አዋስኩሽ፣ ተማርሽበት፣ ደስ አለኝ አሉ። ሰው በሕይወት እያለ ግን ልጁን አልወስድበትም። ኩልሚዬ ራሱ ይፍቀድ፣ ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ አሉኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ሊያግባቧቸው ሞከሩ፤ አንቺ ዝም በይ አሏቸው። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ሲቆጧቸው ሰምቼ አላውቅም።

ለዚህ ነው ፈቃድህን የምለምንህ። በእጅህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ልጄ ስሟን ትለውጥ፣ ለትምህርቷ ነው፣ ከልቤ አይደለም የምትወጣው ብለህ ጻፍልኝ።

እንዲህ ብዬ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ይሄው መልሼ አነሳሁት። አንተን መዋሸት አልቻልኩም። ከሰው ሁሉ ጋር ዋሽቼ መጥቼ አንተ ዘንድ ስደርስ አቃተኝ።

ማመልከቻው የሚዘጋው በወሩ መጀመሪያ ዓርብ ነበር። ሃሊሞ ደግሞ ያኔ አንተ ዘንድ ጅቡቲ ነበረች፤ ተመልሳ ደብዳቤዬን ይዛልህ እስክትሄድና መልስህን እስክታመጣ ወር ያልፋል። ሐሙስ ከዋሂል ስመለስ ልቤ ደንዝዞ ነበር። ቀጥ ብዬ ጋሽ ወልደጻድቅ ዘንድ ገባሁና ሃሊሞ መጣች፣ አባቴ ፈቅዷል አልኳቸው። አላመኑኝም። ምን ብሎ አሉኝ። አየህ፣ እዚህ ላይ መቆም እችል ነበር። አልቆምኩም። አቦ ወልዴ ከእኔ ይሻላታል፣ እሱ ነው ያስተማራት ብለሃል አልኳቸው። ድምፅህን፣ አነጋገርህን፣ አቦ የምትለዋን ሳይቀር አስመስዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ኩልሚዬ እንዲህ አለ? ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ዋሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ ቀበሌ ሄዱ። ማዘንጊያ አፉን ከፍቶ ማኅተሙ ላይ ተነፈሰበትና ወረቀቱ ላይ ረገጠው። የትንፋሹ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ስለ ሀብተ ማርያም ጥፍርና ምላስ ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ እሱን እንድትጸየፍልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ አባቴ፣ ከሁሉም በላይ የቀፈፈችኝ ራሴ ነኝ።

እና ይህን ሁሉ ተዋርጄ ስንት ቆጠሩልኝ መሰለህ? አርባ ስምንት። ፍልስፍናውን የፊውዳል ዘመን አስተሳሰብ ነው ብለው ጣሉት። ድርሰት የሚባለውንም ኮርስ ጣሉት፤ ያ መምህራችን አባቴ በሚል ርእስ አጽፎን ስለ አንተና ስለ ሱቅህ የጻፍኩበት ነው፣ ለክፍሉ ሁሉ ያነበበው። አርባ ስምንቱ ግን ለመግቢያም፣ እስከ ሰኔ ዲፕሎማውን ለመያዝም በቃ። ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሩ ስም ሲጠራ ናፊሳ ወልደጻድቅ አለ። አቤት አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ደስ ባለኝ።

በሰኔ ሴቶቹ ልጆች ከክፍል አይወጡም። ይህን እያሰብኩ ነው የማድረው።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሰላም በይልኝ ብለዋል። አደራውን እጠብቃለሁ በይልኝ፣ ስለ ቃሉም እግዚአብሔር ይስጠው በይልኝ አሉ። ሰላምታቸውን ይኸው አደረስኩ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ልጨርስ፤ አንድ ቀን ለሳቸው መልስ ብትልክ፣ ያላልከውን ቃል እንዳልከው አድርግልኝ። ለኔ ብለህ አይደለም። ሽማግሌው ያችን ቃል ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወሯታል፤ ውሸት እንደሆነች ካወቁ ይሞቱብኛል። እኔን ግን ከተቆጣህ ተቆጣኝ። ቁጣህን ብትልክልኝ ወረቀቱን ስሜው ነው የማነብበው።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ባሕሩም ሙቀቱም ይራራልህ። መንገዱ ተከፍቶ ፊትህን በዓይኔ ለማየት ያብቃኝ።

እስከ መቼውም
ልጅህ

ይህን ረስቼው ነበር፤ ሃሊሞ ካልተመቻት በፖስታ ላክልኝ። ሻንጣህ ውስጥ ያለውን የድሮ አድራሻ ተወው። በፖስታው ላይ ናፊሳ ወልደጻድቅ ብለህ ጻፍ። በሌላው ስም ከጻፍክ፣ ቀበሌው እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ብሎ ይመልስልሃል።