ግማሽ ሜትር ለጥንቃቄ

ውድ እናቴ፣

«ባሕሩ ዛሬም አልፈቀደም» ሲል ካፒቴናችንን ሰማሁትና ማን እንደጠየቀው ለማየት ወደ ላይ ወጣሁ። የተጠየቀም አይመስል፤ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ለመሆኑ አንቺ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ዓይንሽ ከባሰበት ወዲህ ደረጃውን ብቻሽን አትወርጅም አይደል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ እህቴ ቁጣዬ ያለበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋን ታለስልስ።

ወደቡ ከፊታችን ነው፤ በየሰገነቱ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ይታየኛል። መልሕቅ ጥለን ከቆምን ግን ዐሥራ አንድ ቀናችን። ማዕበሉ ከሁለት ሜትር ካለፈ መግባት ክልክል ነው፤ መርከቡ ሳይገባ ደግሞ ሠራተኛ አይወርድም። ማዕበሉን በየጠዋቱ ገምቶ ለወደቡ የሚነግረው ልጅሽ ነው።

ትናንት የወደቡ የአየር ትንበያ ሠራተኛ፣ እኛ «አባ ስጋት» የምንለው፣ በሬዲዮ ስናወራ «አይ ወንድሜ፣ መርከበኛ ደፋር ስለሆነ በምትለኝ ላይ ግማሽ ሜትር ጣል አደርግበታለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አስተማሪዬ እንዳስለመደኝ እኔም ለጥንቃቄ ግማሽ ሜትር ጨምሬ ነበር የምነግረው። ለካፒቴኑ ባወራው «የየብስ ሰው ይታመናል እንዴ? ወደቡ በሚልክልን ላይ እኔም ግማሽ እጨምርበታለሁ» አለኝ። የአንድ ሜትር ማዕበል ሦስታችን ስንቀባበለው ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ። ባሕሩንም ያለ ጥፋቱ አማነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን፣ አንድ ሜትር ብዬ ነገርኩት። አባ ስጋት ግን «በአንድ ቀን እንዲህ አይወርድም፤ ዓይንህ ደክሟል። አጣሪ እስኪያየው የትናንቱን እጽፋለሁ» አለ። አጣሪው መቼ ይመጣል ብዬ ስጠይቀው፣ «መርከቡ ወደብ ሲገባ» አለኝ።

ስለዚህ እማ፣ «ልጄ እጄን ካልያዘኝ ቀዶ ሕክምና አልገባም» ያልሽውን ተዪልኝ። ሐኪሙ ኅዳር ሃያ ሁለት ካለፈ የዓይንሽ ብርሃን አይመለስም ብሏል፤ እኔ ነገ ብገባ እንኳ ከዚህ እስከ ቤት ገና ብዙ መንገድ አለ። የእህቴን እጅ ያዢ። ስትጨብጥ ታሳምማለች፣ ግን አትለቅም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድሜ የፈታውን ሬዲዮ ይግጠም። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ።

መልሕቅ ከጣለው መርከብ ላይ፣ ኅዳር ፱ ቀን

ይህን ደብዳቤ የሚወስድልኝ አትክልት የሚሸጥልን ሽማግሌ ነው። በየጠዋቱ ከወደቡ በትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ ቆሞ እየቀዘፈ ይመጣል።