ሰውየውን ሳይነኩ ያለፉት የአቶ ይትባረክ ሰይፉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይትባረክ ሰይፉ ከአባታቸው ከአቶ ሰይፉ ገሠሠና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ መንገሻ በ1980 ዓ.ም. በመስቃን ወረዳ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ቀበሌ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቡታጅራ ተከታትለው ብየዳ ተማሩ፤ በዚያው ከተማም የበርና መስኮት ሥራ ከፈቱ። ዛሬ ከቀብር ስትመለሱ ከምትከፍቷቸው በሮች ብዙዎቹ የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው። በሩን ወደዳችሁት፤ ሠሪውን ግን አልማራችሁትም። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ማዕዶት ናት፤ ትንሽ ለስለስ አድርጊው ተብላ ተለምና እምቢ ብላለች።

በ2003 ዓ.ም. መምህር ሀብተወልድ የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ ቡታጅራ መጥተው የአሜሪካ እግር ኳስ የሚባለውን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ ማስተማር ጀመሩ። ከተማው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን በሜዳው ዳር መቆሚያ ጠፋ። አቶ ይትባረክ ትከሻቸው ሰፊ ስለነበር በፊት መስመር በቀኝ በኩል ተሰለፉ። የፊት መስመር ሰው ኳስ አይነካም፤ ሥራው ተጋጣሚን ገፍቶ ኳስ ለያዘው ልጅ መንገድ መክፈት ነው። የሚጨበጨብለትም የለም። እሳቸው ይህን ቦታ ከልባቸው ወደዱት።

መምህሩ ከሁሉ አብልጠው ያስተማሯቸው ቪር የሚባለውን አጨዋወት ነበር። አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር እዚህ በግልጽ ይጻፍ። በቪር ከተጋጣሚ ተከላካዮች አንዱ፣ በዳር የቆመው፣ ሆን ተብሎ አይነካም። በዚያ በኩል የተሰለፉት አቶ ይትባረክ እሱን ትተው ወደ ውስጥ ይገቡና ከኋላ የቆመውን ተከላካይ ይገፋሉ። አጠገባቸው ያለው ጓደኛቸው ደግሞ ፊት ለፊቱ የቆመውን ይይዛል። ያልተነካውን ሰው መመልከት የኳስ አከፋፋዩ ሥራ ነው። ሰውየው መሀሉን ሰንጥቆ የሚሮጠውን ልጅ ሊይዝ ከመጣ፣ አከፋፋዩ ኳሱን አስቀርቶ ራሱ በዳር ይሮጣል፤ ሰውየው ዳር ላይ ከቆመ ኳሱን ለሯጩ ይሰጣል። በዚህ ዘዴ አንድ ተከላካይ ማንም ሳይነካው ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ጆሮ መስጠት ብቻ ይበቃ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ቡታጅራ ከወልቂጤ ጋር ለዋንጫ ተገናኘ። አቶ ይትባረክ በዚያ ሰሞን ከወልቂጤ ወገን፣ ከቸሃ፣ ወይዘሮ ብርቄን አጭተው ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሳሉ፣ መምህሩ ቪር አዘዙ። አቶ ይትባረክ እንደተማሩት የዳሩን ሰው ሳይነኩ አልፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ወደ መሀል መጣ። አከፋፋዩ ደረጄ ኳሱን ማስቀረት ሲገባው ለሯጩ ሰጠ። ሯጩ በደንብ ሳይጨብጠው ተመታ፤ ኳሱ ወደቀ፤ የወልቂጤ ልጅ አንስቶት እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ። ተመልካቹ ያየው ይትባረክ ሰውየውን ዝም ብሎ ሲያሳልፈው ብቻ ነው። «ሸጠን! ዋንጫውን ለአማቶቹ ጥሎሽ ሰጠ!» ተባለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ጥሎሽ» ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ሲያገቡ የሰርጋቸውን ድግስ የበላ ጎረቤት እየተጠቃቀሰ ሳቀባቸው። መምህር ሀብተወልድ ወደ ሌላ ከተማ ከመዛወራቸው በፊት ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ደርድረው ሊያስረዱ ሞክረው ነበር፤ «መምህር፣ እርስዎም የሰርጉ ጥሪ ደረሰዎት እንዴ?» ብለው አሾፉባቸው። ወይዘሮ ብርቄ በርበሬ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ «ዋንጫውን የት አስቀመጣችሁት?» ይባሉ ነበር። ልጃቸው ቤዛ «የጥሎሽ ልጅ» ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። የሰደባት ልጅ ጨዋታው ሲካሄድ ገና አልተወለደም። ታዲያ ከማን ሰማው? ከእናንተ ነው የሰማው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

ደረጄ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ባለቤታቸውን «ለምን አትናገርም?» ሲሏቸው «ልጅ ነው እኮ፤ ይህ ከተማ ይበላዋል። የኔ ትከሻ ይችላል» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ ብርቄ በዚህ መልስ አኩርፈው ሰነበቱ፤ ቤተሰቡም እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። ልጅ የተባለው አደገ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሱቅ ከፈተ። የሱቁን በር የበየዱለት አቶ ይትባረክ ናቸው። በየጠዋቱ ያንን በር ሲከፍት አንድ ቀን እንኳ አፉን አልከፈተም።

አቶ ይትባረክ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአታት ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ፣ ልጆቻቸው ቤዛና አዳነ፣ ወላጆቻቸውና እህታቸው ማዕዶት በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ደረጄ ለቅሶ ቤት መጥቶ ሬሳውን ልሸከም ብሎ ለመነ። ወይዘሮ ብርቄ «ሬሳ የሚሸከም ሞልቷል። አንተ የሕይወት ታሪኩን ታነባለህ» አሉት። እስካሁን ቆሞ ሲያነብላችሁ የቆየው እሱ ራሱ ነው። የሚከተለውን የጻፈውም እሱ ነው፤ ቤተሰቡ አንድ ቃል አልነካበትም።

«ያን ቀን ሰውየው ወደ መሀል ሲመጣ አይቼዋለሁ። ኳሱን ማስቀረት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ሰጠሁት። ጋሽ ይትባረክ የታዘዙትን ነው የሠሩት። ያሸነፈን ወልቂጤ አይደለም፣ የእኔ ፍርሃት ነው፤ ዋንጫውን ያስበላሁት እኔ ደረጄ ነኝ።»

እግዚአብሔር የአቶ ይትባረክን ነፍስ በቅዱሳኑ ዕረፍት ያኑርልን። ለወይዘሮ ብርቄና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኛ ለቡታጅራ ሰዎች ደግሞ ኀፍረትን ይስጠን። አሜን።